ያልዘለልኩት ገጽ

የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። «በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ ይበላል» ይላል፤ እኔም እንደዚያው አልኩ። ሕፃናቱ ሳቁ። አንዲቷ «አባባ፣ አሳማ ይጥማል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቻይናን ጠይቂ» አልኳት። በማግስቱ ጧት እናቶቹ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

መርሳ ውስጥ የአንድ አፀደ ሕፃናት ዘበኛ ነኝ። መጽሐፎቹ ከአዲስ አበባ በካርቶን መጡ፤ ማን እንደላካቸው አላውቅም፣ የጠየቀም የለም። አብዛኞቹ ስለ ቻይናዎች በዓል የሚያወሩ ናቸው፤ ጽሑፋቸው አማርኛ ነው፣ ሥዕሉ ገጹን ይሞላዋል። ለእኛ ልጆች ቻይና እንግዳ አይደለም። ሐራ ድረስ ሐዲዱን የዘረጉት ቱርኮች እንኳ በልጆቹ አፍ ቻይና ነበሩ። ቀላ ያለ ሰው በመኪና ካለፈ ቻይና ነው፣ አለቀ።

ወላጆች ወደ ሥራና ወደ ገበያ ስለሚቸኩሉ ልጆቹን በጧት ግቢው ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። ክፍል እስኪገቡ ድረስ ይደባደባሉ፣ አቧራ ይረጫጫሉ። መምህሯ ወጣት ናት፣ ድምጿ ቶሎ ይዘጋል። «ጋሼ፣ እስቲ አንቱ ያንብቡላቸው» አለችኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር በርጩማ አወጣሁ።

የልጅ ልጄም እዚያው ነው የምትማር። እናቷ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ከእኔ ጋር ናት፤ ሚስቴ ሞታለች፣ ቤቱ የእኔና የእሷ ነው። ማንበብ ስጀምር ከጉልበቴ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዘች። ሌላ ልጅ ከተጠጋ በክርኗ ትገፋዋለች። «የኔ አባዬ ነው» ትላለች። በዕድሜዬ በእኔ የኮራ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ልጄ ከአረብ አገር መልእክት ስትልክ ስልኩን ይዤ ጎረቤት ለጎረቤት እዞር ነበር። የሚያነብልኝ ሰው አንብቦልኝ ሳይጨርስ ነገሩ ሰፈር ይገባል። ልጄ መታመሟን ባለሱቁ ከእኔ ቀድሞ ሰማ፤ «አላህ ይማራት» ሲለኝ ነው ያወቅኩት። በዚያው ሰሞን የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። «ለቀብርህ ነው የምትማረው?» ያሉኝ አሉ። ይበሉ። ከዚያ በኋላ የልጄን ነገር የማነበው እኔው ነኝ።

መጀመሪያ ላይ ንባቡ ደህና ሄደ። በበዓሉ ቀን ቤት አይጠረግም፣ ዕድል አብሮ ተጠርጎ እንዳይወጣ፣ የሚለው ላይ አንዱ «ይሄን ለእናቴ ንገርልኝ» አለ። ዘንዶው መንገድ ላይ ሲጨፍር የሚያሳየውን ገጽ ስገልጥ አንድ የክርስቲያን ልጅ ተነሥቶ «ውሸት ነው፣ ይሄን ጊዮርጊስ ገድሎታል» አለ። ጨረቃ ሞልታ ስትወጣ ስለሚያከብሩት በዓል ሳነብ ደግሞ የኔዋ «እኛ እኮ ለኢድ ቀጭኗን ነው የምንጠብቅ፤ እነሱ አርፍደዋል» አለች። እኔ ንባቤን እቀጥላለሁ። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም።

ከዚያ አሳማው መጣ። በእኛ አገር የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው። ሠርግ ላይ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይበስላል፣ ከዚያ አብረን እንጨፍራለን። አሳማው ላይ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ሆኖ መጣብኝ።

«ምን ነካዎት?» አለች ጎረቤቴ። «ልጄ ለኢድ አሳማ ግዙልኝ እያለች ነው።»

«አልበላሁ፣ አላበላሁ።»

«አንብበዋላ።»

«ጾም ይዘን እኮ ነው ጋሼ» አለች አንዷ ክርስቲያን፣ ጾም ባይሆን የምትበላው ይመስል።

መምህሯ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «እሷን ገጽ ይዝለሏት በቃ።»

«አልዘልም።»

«ምን አለበት? እኔም እኮ እዘላለሁ። ሁሉም ሰው ይዘላል።»

ማንበብ የሚችል ሰው እንደሚዘል ያን ቀን ሰማሁ። እኔ መምህሩም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጣ ዘርግቶ ሻይ የሚጠጣውም ያለውን ሁሉ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር። «ጸ»ን እና «ፀ»ን አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ ለየብቻ ያጠናሁ ሰው ነኝ። አንዱንም ፊደል በነጻ አላገኘሁትም፤ ዝለል ስባል ሰደቡኝ ነው ያልኩ። አልዘልም ብዬ ቀረሁ፣ መጽሐፎቹ ቁም ሳጥን ገቡ፣ እኔም ወደ በር ጥበቃዬ ተመለስኩ። መምህሯ ክፉ አይደለችም፤ የአዲስ ዓመቱን መጽሐፍ «ለቤትዎ» ብላ ሰጠችኝ።

ልጆቹ እኔን «አሳማዬ»፣ የኔዋን «የአሳማዬ ልጅ» ማለት ጀመሩ። አላለቀሰችም። ጧት በሩ ላይ ስንደርስ ግን እጄን ለቃ፣ የሌላ ልጅ እጅ ይዛ፣ እንደማታውቀኝ ትገባለች።

ልጄ ስትደውል ነገርኳት። ሳቀች። «አባቴ፣ እንደ ድሮው በሥዕሉ ይንገሯቸዋ።»

«የቱን ድሮ?»

«ለእኔ እንደነገሩኝ።»

ልጄ አንደኛ ክፍል ሳለች መጽሐፏን ይዛ ትመጣና ከጎኔ ትቀመጣለች። እኔ መጽሐፉን ይዤ ሥዕሉን እያየሁ አወራለሁ። የማነብ ይመስላታል ብዬ ነበር።

«ፊደል አትለዪም ነበር አይደል?» አልኳት።

«እለያለሁ እንጂ። መጽሐፉ አህያ ዕቃ ትሸከማለች ነው የሚል። አንቱ ግን ባለ አህያውን ከሚስቱ አጣልተው፣ ከመርሳ ግራና ገበያ አድርሰው፣ አህያይቱን አስጠፍተውበት ነው የሚመለሱ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ነው። እያወቅኩ ነው የማመጣልዎት።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ይተዉት ነበራ።»

ቀጥላም «ለልጄም ይንገሩልኝ» አለች። «እኔ ከዚህ ሆኜ አልችልም።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን ልጅቷን ደጃፍ ላይ ከጎኔ አስቀመጥኳት። የአሳማውን ገጽ ገለጥኩ፣ ጽሑፉን በመዳፌ ሸፈንኩ። ክብ ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ሰዎች አሉ። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች፤ አትበላም።

ድሮ ቢሆን ይህች ሴትዮ ለምን እንደማትበላ አውቅ ነበር። ማን እንዳስቀየማት፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን ደብቃ እንደያዘች እናገር ነበር። አሁን ትክ ብዬ አየኋት፣ አንድም ነገር አልመጣልኝም። ዓይኔ ወደ መዳፌ ይሄዳል፣ በጣቶቼ መካከል ፊደል ይፈልጋል። ፊደል ካየ ደግሞ ሳያነብ አያልፍም፤ የሱቅ ስም፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ምንም ይሁን ያነባል። ሥዕል ማየት መቼ እንደተወኝ አላውቅም። ፊደሉን ውሰዱና ያንን መልሱልኝ አልልም፤ የልጄን መልእክት ዳግም በሰው አፍ አልሰማም። ግን አንዱን ሲሰጡኝ ሌላው እንደሚሄድ የነገረኝ የለም።

«እና?» አለች ልጅቷ።

«ሴትዮዋ ቆማለች» አልኩ።

«እሱማ ይታያል። ለምን?»

እጄን አነሣሁና አነበብኩላት። ከላይ እስከ ታች፣ አሳማውንም ሳልተው። ሳልጨርስ «እሱን አውቀዋለሁ አባዬ» ብላ ተነሥታ ሄደች። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ልጆች ገመድ ይዘላሉ።

ልጄ እንደገና ስትደውል ከሰላምታው አስቀድማ «ነገሯት?» አለችኝ።

«አነበብኩላት» አልኳት።

እሷም ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልጣለም አልኳት።