ክርኗ የማይታጠፍ ልጅ

ሀምዲያ መቀስ መያዝ የለመደችው ፊደል ሳትለይ ነው። አባቷ ጋሽ ጠሀ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። እሷም ትምህርቷን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር አጠገባቸው ተቀመጠች። የሚሌኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ ግን ዱባይ ተራ አጠገብ ፎቅ ላይ የተከፈተ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ በኮምፒውተር ለፊልም የሚሆን የቅርጽ ሥራ እንደሚያስተምር ሰማችና አባቷን ለመነች።

«እስከ ነሐሴ ሂጂ» አሏት። «ሥራ ካገኘሽበት እሰየው። ካላገኘሽ የመስከረም ዩኒፎርም አይጠብቅም፣ ተመልሰሽ ትቀመጫለሽ።»

ፖሊጎን በሚሉት በዚህ የቅርጽ ሥራ ሁሉም የሚጀምረው ከነጥብ ነው። ነጥብና ነጥብ በመስመር ይገናኛሉ፤ ሦስት ወይም አራት መስመር ሲገጥም አንዲት ጠፍጣፋ ገጽ ትወጣለች፤ ገጾቹ ሲያያዙ ሣጥንም ብርጭቆም ሰውም ይሆናሉ። ሌላውን ተማሪ ግራ ያጋባው ነገር ለሀምዲያ የቤቷ ወግ ነበር። ቁራጭ ከቁራጭ ተገጥሞ ገላ ሲያቅፍ እያየች ነው ያደገችው። መምህሩ ምንይሉ «ገጽ አታባክኑ፣ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል» ሲልም የአባቷ ምክር መሰላት። ጋሽ ጠሀ ያለ ምክንያት ጨርቅ የሚቆርጥን ሰው ከሌባ ለይተው አያዩም።

ሐምሌ ሲያልቅ፣ የልጆች ፊልም የሚሠራ አንድ ስቱዲዮ ከመካከላቸው አንድ ሰው ሊወስድ ፈለገ። ፈተናው ጥያቄ ለመመለስ እጇን የምታወጣ ተማሪ መሥራት ነበር። ሀምዲያ በልቧ ደስ አላት፤ ዩኒፎርም ነዋ። ኮሌታውን፣ ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ሁሉንም መስመር ስፌቱ በሚያልፍበት አሳለፈችው። ከትከሻ እስከ አንጓ ግን እጅጌውን የሚዞር አንድም መስመር አላደረገችም። ክርኑ ላይ የተቀጠለ እጅጌ ማን ይለብሳል?

ምንይሉ በኮምፒውተሩ ላይ በልጅቷ ክንድ ውስጥ አጥንት የሚባለውን ማንቀሳቀሻ አስገብቶ እጇን አነሳ። ቀጥ ብሎ እስከተዘረጋ ድረስ አማረ። ክርኗን ሲያጥፈው እጅጌው እንደ ተረገጠ የውሃ ጎማ ተጨፈለቀ።

«ውይ ሀምዲ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው እድላዊት፣ «ይቺንስ ወጌሻ ጋ ውሰጃት።»

ክፍሉ ሳቀ። ምንይሉም ፈገግ አለና «የት እንደተሰፋች አሳየሽኝ። የት እንደምትታጠፍ ግን አልነገርሽኝም» አላት። «እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለሽ።»

ሀምዲያ ዓይኗን ሳታነሳ ደረጃውን ወረደች። እግሯ ወደ ለመደው ሱቅ ወሰዳት። ጋሽ ጠሀ ኮታቸውን እንደለበሱ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሰዋል።

«አባባ፣ እጇን የምታወጣ ተማሪ ሠርቼ ክርኗ አልታጠፍ አለ፤ ክንድዎን አንዴ እጥፍ ያድርጉልኝ።»

«ምን ልትለኪኝ ነው? ከፈን?» አሉ፤ አጠፉት ግን።

የኮቱ እጅጌ ከውስጥ በኩል ተሰብስቦ ተሸበሸበ፤ ከውጭ ተወጠረ። ይህን በየቀኑ አይታዋለች፤ አስባበት ግን አታውቅም። ጨርቅ ሳይነግሩት ይታጠፋል። ልብስ ሰፊ መስፋቱን ይሰፋል፣ መታጠፉን ለጨርቁ ይተውለታል። እዚያ ፎቅ ላይ ግን ጨርቅ የለም። እሷ መስመር ያላሰመረችበት ቦታ ሁሉ እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል። ለካ የተማረችው ነገር ሁሉ የቆመው በጨርቁ ደግነት ላይ ነበር።

ተመልሳ ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ እጇ እምቢ አለ። ደህና እጅጌ መሃሉ ላይ መቁረጥ ማበላሸት እንጂ ማበጀት አልመሰላትም። እንደ ምንም ክርኑን የሚዞር መስመር አስገባች፤ ከበላዩና ከበታቹም ጨመረች፤ ከውስጥ በኩል ያሉትን አቀራረበቻቸው። ምንይሉ መጥቶ ክርኑን አጠፈው። የሰው ክንድ ሆነ። ደጋግሞ አጠፈው፣ ዘረጋው፤ ከዚያ የስቱዲዮውን አድራሻ ነገራት።

ሱቅ ስትደርስ ጋሽ ጠሀ ቀና ሳይሉ «እሺ፣ ምን ሆነች ልጅሽ?» አሏት።

«እጇን አወጣች፣ አባባ። ወሰዱኝ።»

መኪናው ጥቂት ተንኳኳና ቆመ። «ተጠርታስ፣ ጥያቄውን መለሰች?»

«ገና ናት። አፏን እዚያ ሄጄ ነው የምሠራላት።»

ጋሽ ጠሀ ለመስከረም ወንበሯ ላይ የከመሩላትን ሰማያዊ ጨርቅ ወደ ራሳቸው ጎን ሳቡና «እንግዲያስ ልጅቷን አታስጠብቂያት» አሉ።