ሞለኪዩሉን ዞሮ ያየው መምህር

የሺዋስ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሲያስተምር ኖሮ ፀጉሩ ገብስማ ሆኗል። ግራ ዓይኑ አያይም፤ በልጅነቱ አውድማ ላይ እብቅ ገብቶበት ቆስሎ ጠፋ። በአንድ ዓይን ርቀትን መለየት ያስቸግራልና ብርጭቆ ላይ ውሃ ሲቀዳ እንኳ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ዘንበል ያደርጋል። ልማድ ሆኖበት ራሱም አያስተውለውም።

ባለፈው ዓመት ማርያማዊት የምትባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህርት መምህራኑን ልታሠለጥን የቪአር መነጽሮች ይዛ መጣች። መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ኮምፒውተር የሠራውን ሞለኪዩል ከፊቱ ተንሳፍፎ ያየዋል። እንዳይደናቀፉ ሁሉንም ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። መነጽሩ ጥልቀት የሚያሳየው ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል እየሰጠ መሆኑንም አስረዳች።

ባልደረቦቹ በመገረም አየሩን በእጃቸው ሲዳስሱ፣ የሺዋስ ያየው ሰሌዳ ላይ እንደተሳለ ያለ ጠፍጣፋ ሥዕል ነበር። የታየው ሞለኪዩል፣ ሚቴን፣ አራት ሃይድሮጂን አለው፤ እሱ ግን የቆጠረው ሦስት ነው። ይሄም ለእኔ አልተጻፈልኝም ብሎ ሊያወልቀው ሲል አንገቱ እንደ ልማዱ ዘንበል አለ። አራተኛዋ ሃይድሮጂን ከካርቦኑ ጀርባ ብቅ አለች።

ተነሥቶ ቀስ እያለ ዞረ።

"መምህር፣ ምን እየፈለጉ ነው?" አለችው ማርያማዊት ደንግጣ።

"ጀርባውን" አላት። "ለካስ ጀርባ አለው።"

መነጽሮቹ ትምህርት ቤቱ ውስጥ በቆዩበት ጊዜ የሺዋስ ተማሪዎቹን አላስቀመጠም። አንዱ ሲያይ ሌላው ክንዱን ይዞ ይመራዋል። የጫማ ነጋዴ ልጅ የሆነችው ረሺዳ፣ ሁለት ሞለኪዩሎች ከአንድ ዓይነት አቶሞች፣ በአንድ ዓይነት ትስስር ተሠርተው እንዴት እንደሚለያዩ ሸምድዳ እንጂ ገብቷት አያውቅም። ሁለቱን እያዟዟረች ልታደራርባቸው ብትታገል አልገጥም አሏት። "መምህር፣ እነዚህ እኮ ግራና ቀኝ ጫማ ናቸው" አለች። የሺዋስ መነጽሩን ተቀብሎ ለቀጣዩ ተማሪ አጠለቀለት።

በኋላ መነጽሮቹ ወደ ደምበጫ ከተማ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። የሺዋስም ጠረጴዛውን ክፍሉ መሐል አቁሞ፣ ድንች ላይ እንጨት እየሰካ ሞለኪዩል መሥራት ያዘ። ተማሪዎቹ እንደ እሱ ለማየት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዞሩታል። በጎን ክፍል የሚያስተምረው ታረቀኝ በጫጫታው ተማረረ። የሺዋስ ይቅርታ ጠየቀውና ጠረጴዛውን ወደ ደጅ፣ ወደ ሣሩ አወጣው።