በምራቅ የታሰረ አይሮፕላን

ሽታ አልችልም። እናቴ «ይህ ልጅ በአፍንጫው ነው የሚኖረው» ትል ነበር፤ እውነቷን ነው። የዚያን ዘመን አዳማን ሳስታውስ እንኳ ዓይኔ ከማየቱ በፊት አፍንጫዬ ይቀድማል፤ የባቡር ጭስ፣ የግመል ሽንት፣ ነፋስ የሚያንከባልለው አቧራ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ከጅረቱ ዳር የሚነሳው የቆዳ ፋቂው ቤት ግማት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ያ የሰነበተ ቆዳ ሽታ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጉርሻ ከአፌ ያስጥለኛል። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ «ይህ ሰው ከመካከላችን ይነሳልን» ብሎ ለከተማው ሹም አቤት ሲል፣ ከአቤት ባዮቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።

እኔ የጣቢያው አናጢ ነኝ። የፉርጎ በርና ወለል እጠግናለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ አልጋና ሣጥን እሠራለሁ። የእጅ ሥራ በሚናቅበት አገር አናጢም ከሽሙጥ አያመልጥም። ሆኖም ከፋቂ በላይ ነበርኩና በዚያችው እኮራ ነበር።

አይሮፕላን አገራችን በገባ በዓመቱ ግድም አንድ የጦር አይሮፕላን ሞተሩ አስቸግሮት ከከተማው በታች ካለው ሜዳ ላይ አረፈ። ፈረንጁ ነጂ ጠግኖ እስኪያስነሳው ሁለት ቀን ፈጀበት። ሰው ያማትባል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎች ከሩቅ ሆነው ይመርቃሉ፤ እኔ ከሥሩ ገብቼ በክንዴ እለካለሁ። አንዱ ክንፍ በሌላው ላይ እንደ ቆጥ ተነባብሯል። በሁለቱ መካከል እንጨት ቆሟል፤ ከእንጨት ወደ እንጨት ደግሞ ቀጭን የብረት ሽቦ ወዲያና ወዲህ ተወጥሯል። ከነጂው ጀርባ መትረየስ የተተከለበት ክብ መቀመጫ አለ። ገላው ጨርቅ ነው። ይህ ሁሉ ጉድ በእንጨትና በጨርቅ መሠራቱን ሳይ ልቤ ተነሳ፤ ፉርጎ ስጠግን መሞት አልፈለግሁም።

መለካቴን ለሹሙ ነገሩትና አስጠራኝ። አንድ ትልቅ መኮንን ወደ ፍል ውኃ ሲሄዱ በጣቢያችን ያልፋሉ፤ እጅ መንሻ የሚሆን ትንሽ አይሮፕላን እንድሠራ አዘዘኝ። «ደስ ካሰኘሃቸው» አለ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ከአይሮፕላን ሠራተኞቹ መካከል ያስገቡሃል። ካላሰኘሃቸው ግን እኔ አላውቅህም።» ከጥርሱ ያወጣትን ሥጋ ትክ ብሎ አያትና መልሶ በላት። እኔም እጅ ነስቼ ወጣሁ።

ልኬቱን ለእውነተኛው አንድ ክንድ አንድ ጣት አደረግሁት። አካሉን ከዋንዛ ጠረብኩ፤ የክንፉን አጥንት ከቀርከሃ ሰነጠቅሁ፤ በላዩ ስስ ሻሽ ወጥሬ ሙጫ ቀባሁት። ሙጫው እንኳ ከቆዳ ፍቅፋቂ የተቀቀለ ነውና አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ነው የሠራሁት። ጎማውን ከቀንድ ቆረጥኩ፤ መትረየሱን ከጃንጥላ ሽቦ አበጀሁ፤ ነጂው ፊት ያሉትን ሰዓት መሳይ ክቦች ከአንድ ደብተራ በለመንኩት ቀለም በላባ ጫፍ ሣልኩ። ሹሙ በየቀኑ እየመጣ ጮማ በነካ ጣቱ ሻሹን ይደባብሳል።

«መትረየሱ ምነው እንዲህ አነሰ? መርፌ ነው እንዴ?»

«ልኬቱ ነው፣ ጌታዬ።»

«ልኬት ለማን ይታያል? የበሬ ቀንድ አሳክለው!»

እሺ እላለሁ። ሲሄድ ቅባቱን በዱቄት እያሸሁ እረግመዋለሁ፤ መትረየሱንም አልነካውም።

የቸገረኝ ሽቦው ነው። የስልክ ሽቦ ለዚያ ልክ ጠፍር ሆነ። የጥጥ ፈትል ቢያከሩትም ጠጉሩ ቆሞ አባጨጓሬ ይመስላል። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ የበሬ ጅማት። ተሰንጥቆ ሲደርቅ ቀጥ ይላል፣ እንደ ብረትም ያብረቀርቃል። እሱ ያለው ደግሞ ፋቂው ዘንድ ነው። የናቁት ያስረግዛል ማለት ይኸው ነው።

ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ ሄድኩ። አይሮፕላኑን በዓይኑ እንዳይበላብኝ ከቤት ቆልፌበታለሁ። ሰውየው አባቴን ያህላል፤ እኔ ግን አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው «አንተ» ብዬ ጠራሁት። እርጥብ ጅማት በቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ምን ሊያስሩበት ነው ጌታዬ? እርጥብ ስለሆነ...» ብሎ ሳይጨርስ ነጥቄው ወጣሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ መጨመር አልቻልኩም።

ቤቴ ገብቼ እንደ አልጋ ጠፈርኩት። አልጋ ሲጠፈር ቆዳው በእርጥቡ፣ በእግር ተረግጦ፣ ጉልበት እስካለ ድረስ ይሳባል፤ ሲደርቅ የባሰ ይወጠርና ስንት ሰው ቢተኛበት አይረግብም። አልጋ የለመደ እጄ ሌላ አያውቅም። የአልጋው ጣውላ ግን ወይራ ነው፣ የኔ ክንፍ ቀርከሃ። በማግሥቱ የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮዬን ሲያግለው አርፍዶ፣ ለምሳ ስመለስ የላይኛው ክንፍ ተሰብሮ በታችኛው ላይ ታጥፎ ጠበቀኝ። መኮንኑ ሊመጡ የቀረው ስምንት ቀን ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ክንፉን በሦስት ቀን አደስኩትና አይሮፕላኑን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ፋቂው ተመለስኩ። ገልጦ ለረጅም ጊዜ አየው፤ እኔም ዓይኑን እየፈራሁ በልቤ እጸልያለሁ።

«ይህ እንደ ጨቅላ ነው፤ እንደ አልጋ አይጎተትም» አለ።

ከዚያ ደረቅ ጅማት እንደ ጠጉር ሰነጠቀና አፉ ውስጥ ከተተው። አኘከው፣ በምላሱ አገላበጠው፣ እየተንጠባጠበ አወጣው፤ ከእንጨት እንጨት አሳለፈና ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀ።

«ውኃ የለም እንዴ?» አልኩት።

«ውኃ ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ከልክ በላይ ይኮማተራል። ምራቅ ግን ልኩ ነው፤ ያጣብቀዋልም» አለኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ እንዲያ እያኘከ አሰረ። እያንዳንዷን ሲያስር ትንሽ ያላላታል፤ ፀሐይ ላይ ሲያወጣት ራሷ ቀስ ብላ ትወጠራለች፤ ክንፉም ቀጥ ብሎ ይቆማል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እጅ አላየሁም። እያየሁም የምመኘው ወጥቼ ማስመለስ ነበር።

ሲጨርስ ዋጋውን ብጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። «ሹሙ ቤቴን ሊያፈርሱ ቀን ቆርጠውልኛል። ትልቁ ሰው ‹ማን አሰረው› ካሉ እኔን ይንገሩልኝ። እሳቸው ያወቁትን ሰው ሹሙ አይነቅሉም። ይነግሩልኛል?»

«እነግርልሃለሁ» አልኩ። በማርያም ስም ማልኩለት።

በቀጠሮው ቀን፣ ባቡሩ ሳይደርስ፣ ሹሙ ሊያይ መጣ። ከታችኛው ክንፍ ሥር አንዲት የጅማት ጫፍ ብቅ ብላለች። «ይቺ ምንድናት?» አለና ጎንበስ ብሎ በጥርሱ በጠሳት፤ ዋጣትም። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳ ያዝኩ።

መኮንኑ ከባቡር ወርደው ለአቀባበሉ በተጣለው ዳስ ውስጥ ተቀመጡ። አይሮፕላኑ በከፈይ ጨርቅ ላይ ሆኖ ቀረበላቸው። እያዞሩ አዩት፤ ሽቦውን በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት እንደ ክራር ጮኸ። ሳቁ። «እንጨቱስ ይሁን፤ ይህን ማን አሰረው?» አሉ።

ፋቂው ከሕዝቡ ኋላ ቆሟል፤ ሰው ሸሽቶት ዙሪያው ባዶ ነው። ታጥቧል፤ ነጭ ጋቢም ለብሷል። ዓይኑ አፌ ላይ ነው። እኔ ሹሙን አየሁት። የፋቂ ምራቅ መዋጡን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቢሰማ ምን እንደሚያደርገኝ ታየኝ፤ መኮንኑም አይሮፕላኑን ከጭናቸው ላይ እንደ እባብ ሲወረውሩት ታየኝ። ሆኖም ምክንያት አላበዛም፤ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ለራሴ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አልኩ።

«በምን አሰርከው?»

«በሐር ክር።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ የኔ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ከዳ። ቀና ስል ሰውየው ሄዷል።

በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተጠራሁ። ክንፍ አዳሽ ሆንኩ፤ እውነተኛውን የብረት ሽቦ በመፍቻ ማጥበቅ ተማርኩ። እዚያ ያለው የዘይትና የቤንዚን ሽታ ብቻ ነውና የምገላገል መስሎኝ ነበር። ግን አለቆቼ «ባለ ሐሩ» እያሉ ባሞገሱኝ ቁጥር አፌ ውስጥ ጅማት የሚላወስ ይመስለኛል፤ ወጥቼ እተፋለሁ። ከፋቂ ቤት አፍንጫ ይዘው ይሮጣሉ። ከገዛ ራሴ ግን የምሮጥበት አጣሁ፤ ተጸየፍኩት ራሴን።

በሁለተኛው ዓመት ፈቃድ ጠይቄ ወደ አዳማ ወረድኩ። ጅረቱ ዳር የቀረው አመድና የተሰባበረ ገንዳ ነው። የሰፈሩ ሰው «ወደ ቆቃ ወረደ፤ ተገላገልነው» አለኝ። ግማሽ ቀን በእግሬ ተጉዤ፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ከአንዲት ጎጆ ደጅ ቆዳ ሲፍቅ አገኘሁት። ሽታው እንደ ድሮው ነው። ነጠላዬን ከአፍንጫዬ አወረድኩ።

«አባቴ፣ ቃሌን በላሁብዎ። ቤትዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

እጁ ከቆዳው ላይ አልተነሳም። «ውኃ ጠምቶሃል?» አለኝ።

ገብቶ በቅል ይዞልኝ ወጣ። እናቴ ፋቂ ውኃ የጠጣበትን ቅል ለሌላ ሰው አትሰጥበትም ነበር፤ ድንጋይ ላይ ትሰብረዋለች። እኔ ግን ከእጁ ተቀብዬ በሙሉ አፌ ጠጣሁ፤ አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር። ይቅር ያለኝ መሰለኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቅሉን በሁለት እጄ መለስኩለት።

ተቀበለኝና ከጎጆው ጥግ ወዳለው ድንጋይ ሄዶ ቅሉን ሰበረበት። ከዚያ ተመልሶ ቆዳውን መፋቅ ጀመረ።