ያልተረጎምኩት የሸህ ይመር ጥያቄ

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ፣ የመኪናዬን ቀበቶ ገና ሳላስር ስልኬ ጠራ። የመስጊዳችን የወጣቶች ኮሚቴ ነው። ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ ሰው ቅዳሜ ከቀትሩ ሶላት ከዙሁር በኋላ መጥቶ የመስጊዱን ጀማዓ ሊያነጋግር ነውና ለሽማግሌዎቹ አስተርጉሚልን አሉኝ። "እስቲ ላስብበት" ብዬ ዘጋሁት። ቤት ገብቼ ለልጄ ለሐያት ብነግራት ሳቀችብኝ።

"እማ፣ ሆስፒታል ሙሉ ቀን ትራንስሌት ታደርጊ የለ እንዴ? ሶ ይሄ ምን ይከብዳል?"

"የሆስፒታሉ ስለ ሐሞት ጠጠር ነው" አልኳት፤ "ይሄ ስለ ፖለቲካ ነው።"

እሷ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ሽንኩርቴን መክተፍ ያዝኩ። የምፈራበትን ምክንያት ለሐያት ነግሬያት አላውቅም። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዳላስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ጠበቃዬ "ስምሽ በምንም ነገር እንዳይነሳ ተጠንቀቂ" ብላኛለች። እሷ ያለችው ስለ ፖሊስና ስለ ትራፊክ ቅጣት ይመስለኛል። እኔ ወስጄ ለነገር ሁሉ አደረግሁት። ሰልፍ ላይ ሰው ሲቀድመኝ ዝም፤ ጎረቤት ሙዚቃ ሲያስጮህ ዝም። የኒውዮርኮቹ ሕንጻዎች ከፈረሱ ገና ጥቂት ዓመታቸው ስለነበር፣ ሒጃቤን አስሬ ግሮሰሪ ስገባ ጋሪዬን የምገፋው ግድግዳ ግድግዳውን ነበር።

በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት፣ አርሊንግተን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሕዝባዊ ውይይት ተዘጋጀ። በመጀመሪያው ክፍል፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የሠሩ ጡረተኛ ዲፕሎማት አሜሪካ ለአገራችን አካባቢ ስላላት ፖሊሲ ይናገራሉ። በሁለተኛው፣ አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ወሎ መንዙማ ጥናት ያቀርባል። ሁለቱን ምን እንዳገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። አዳራሹ የተገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

ሸህ ይመርን ከፎርት ዎርዝ በመኪናዬ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። የደሴ ዙሪያ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው አስመጥቷቸው ከእሱ ጋር ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርዓን እያስነበቡ ያስቀሩኛል። ወሩ ጥቅምት ቢሆንም የቴክሳስ ሙቀት አልሰማም። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ሸህዬ ከኮት ኪሳቸው ዳቦ ቆሎ እያወጡ ለእኔም እየዘገኑ፣

"ይሄ ሰውዬ ቤታችን ምሳ በልቷል" አሉኝ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"ዛሬ ንግግር የሚያደርገዋ! የጥሪ ወረቀቱ ላይ ፎቶውን አይቼ አወቅኩት። አርጅቷል እንጂ ጆሮው ያው ነው።"

ከዚያ ነገሩኝ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ዲፕሎማቱ ደሴ ከሚያስተምር አንድ ፈረንጅ ጓደኛቸው ጋር ወደ ሸህዬ አባት ቤት መጡ። በሉ፣ ጠጡ። መምህሩ የአባትየውን የመንዙማ ደብተር አይቶ "ገልብጬ ልመልስ" ብሎ ለመነ። ፊደሉ ዐረብኛ፣ ቋንቋው አማርኛ፣ ግጥሙ የራሳቸው የአባትየው ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። እንግዳ አሳፍሮ መመለስ ስላልሆነላቸው ሰጡት። በዚያው ቀረ።

"አባቴ እስኪሞት ድረስ 'መምህሩ መጣ?' እያለ ይጠይቅ ነበር" አሉ ሸህዬ። "ዛሬ እጠይቀዋለሁ። አንቺ ታስተረጉሚልኛለሽ።"

"እሺ ሸህዬ" አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት ለመንግሥት ሰው "ጓደኛህ መጽሐፍ ወስዶ ቀርቷል" ሊባል ነው። በማን አፍ? በእኔ።

ዲፕሎማቱ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ስለ ዕርዳታና ስለ ጦር ሰፈር ተናገሩ፤ ምርጫውን ማንም ያሸንፍ ማን ለእኛ አገር ብዙ የሚለወጥ ነገር የለም አሉ። ተማሪው ደግሞ ተነስቶ የደሴ ዙሪያ ገጣሚዎች ደብተሮች አብዛኞቹ እንደጠፉ አስረዳ። ይህንን በሹክሹክታ ስተረጉምላቸው ሸህዬ ከዘራቸውን ጨበጡ።

የምሽቱ ሶላት፣ መግሪብ፣ ደርሶ ነበር። ኮሪደሩ ጠባብ ስለሆነ በየተራ ነበር የሚሰገደው። ሸህዬ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሰግደው ተመልሰዋል፤ እንግሊዝኛ የሚችሉት የእኛ ልጆች፣ ተማሪውም ጭምር፣ በሁለተኛው ዙር ወጥተዋል። ስለዚህ ሸህዬ ማይኩን ሲይዙ ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በወሎ ከዱዓ በፊት ጉዳይ አይነሳም። ሸህዬ መዳፋቸውን ዘረጉ። ለዲፕሎማቱ ዕድሜና ጤና ለመኑ፣ ለልጆቻቸው፣ ለዝናቡ፣ ለአገሪቱ፣ ምርጫውን ለሚያሸንፈው፣ ቀጥለውም ለሚሸነፈው ትዕግሥት። ጉዳዩ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ ባጭሩ፦

"የአባቴን ደብተር ያ ጓደኛህ ወስዶታል። ያለበትን ብትነግረኝ እኔው ገልብጬ እመልስላችኋለሁ።"

ዱዓውን ተረጎምኩ። ለሚሸነፈው የተደረገው ጋ ስደርስ አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ፊት ወንበር ላይ አንድ ሰው ማስታወሻ ይጽፋል። ጭብጨባው ሲያልቅ አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ያ ሁሉ ምርቃት ከተሰማ በኋላ ምን እንደጎደለ ማን ያውቃል?

ዲፕሎማቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ። ማይኩ ወደ ሌላ ሰው አለፈ።

"ምን አለ?" አሉኝ ሸህዬ።

"አመሰገኑዎት።"

"ስለ ደብተሩስ?"

"ስለ ደብተሩ ምንም አላሉም።"

ይህ ቃል እንደ ውሸት አይቆጠርም ብዬ ስንት ቀን ከራሴ ጋር እንደተሟገትኩ አሏህ ያውቃል። ስንመለስ ሸህዬ ዳቦ ቆሎውን አላወጡም። ፎርት ዎርዝ ልንገባ ስንል ብቻ፣ "ሰው ፊት አንስቼበት አሳፈርኩት መሰለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ያኔም ዝም አልኩ።

ከዓመት ከሁለት ወር በኋላ ጥገኝነቴ ተፈቀደ። በዚያው ሳምንት በውይይቱ አዘጋጆች በኩል ስለ ደብተሩ ለዲፕሎማቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ደብዳቤውን ይዤ ሸህዬ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማንበብ ጀመርኩ፤ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ።

"ሽማግሌውን አስታውሳቸዋለሁ። የአባታቸውን ቤት ምሳም አስታውሳለሁ። ያን ዕለት ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ በሕይወት ስለነበር ከአዳራሹ ሳልወጣ እደውልለት ነበር። ባለፈው የካቲት ሞቷል። ቤቱ ተሸጧል፤ መጻሕፍቱ የት እንደደረሱ ልጆቹም አያውቁም።"

"ጠይቄው የለም እንዴ?" አሉ ሸህዬ።

"እርስዎማ ጠይቀዋል። እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ለወረቀቴ ፈርቼ።"

ደብዳቤውን ከእጄ ተቀበሉኝ። ከበላያችን አውሮፕላን አለፈ፣ ሌላም ተከተለው።

"ዱዓውንስ?"

"ከዱዓው አንድም አላስቀረሁም።"

"ወረቀትሽስ መጣልሽ?"

"መጣልኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥለው ከደብዳቤው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ "መኪናው ውስጥ 'ፈራሁ' ብትዪኝ እኮ አልጠይቀውም ነበር" አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርዓን ማስቀራታቸውን አላቋረጡም፤ ነገሩንም ደግመው አላነሱብኝም። ክሊኒክ ሲሄዱ ግን ለማስተርጎም የሚጠሩት ሌላ ሰው ሆነ።

ዛሬ ሸህዬ የሉም፤ አሏህ ይዘንላቸው። እኔ ዜግነት ተቀብያለሁ፣ በየምርጫው ድምፅ እሰጣለሁ፣ በሙያዬም አስተርጓሚ ነኝ። መሐላውን ስምል ፍርሃቱ አብሮ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። አልለቀቀኝም። ያን ጊዜ መፍራቴን አሏህ ይቅር የሚለኝ ይመስለኛል፤ ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ፍርሃቴን ከእሳቸው መደበቄ ነው። እኔ ስደብቅ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ሊተዉልኝ ይችሉ የነበረውን ጥያቄ ሰረቅኋቸው።

ዓርብ ጠዋት ለኮሚቴው ደውዬ "እሺ" አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ አንድ የመስጊዳችን ሽማግሌ ደወሉልኝ። የሚስታቸው ቪዛ ዓመታት ቆይቶባቸዋል፤ ለተወዳዳሪው የሚሉትን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ቁጣ አለው።

"አባቴ፣ አንድም ቃል አላስቀርብዎትም" አልኳቸው። "ግን እየፈራሁ ነው፤ አስቀድመው ይወቁልኝ።"



"አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ" አሉኝ፤ "እኔስ ያልፈራሁ መሰለሽ?"