የበሬ ጅራት የለበሰው ገጀራ

ልጄ ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ገጀራ ገዝቶልኝ መጣ። እጀታው ጥቁር ጎማ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። "እማዬ፣ ይኼ እጅ አይነዝርም፤ ያንን አሮጌ አሁንስ ጣይው" አለኝ። እሺ ብዬ ምሳውን አበላሁትና ገና ከበር ሲወጣ ጎማውን ገጀራ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ያንን አሮጌ ጣይ ብሎ የሚያዘኝ ገና አልተወለደም።

አሮጌው የእናቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ፣ አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እናቴ ዘነቡ፣ ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው በታች ባለችው ጎጇችን የጌሾ እንጨት እየከተፈች ለጠላ ቤቶች በመሸጥ ነበር የምታሳድገኝ፤ ግቢያችን ዓመቱን ሙሉ መራራ መራራ ይሸታል፣ ቀሚሴም ደብተሬም ያንኑ ስለሚሸት ትምህርት ቤት "ጠላ ጠማቂዋ" ይሉኛል፣ እኔም ማንንም ዝም ብዬ አላሳለፍኩም። የደረቀ የጌሾ ግንድ ክፉ ነው፤ ገጀራው ባረፈበት ቁጥር ምቱ በእጀታው ተመልሶ ከመዳፍ እስከ ክርን ይነዝራል። በዚያ ዓመት የእናቴ የቀኝ እጅ አንጓ አብጦ፣ ውኃ እንኳ በግራ እጇ ነበር የምትጠጣው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ቄስ አድማሱ ይህን ሰሙ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ብቻ ደግነታቸው ትእዛዝ ይበዛው ነበር። አንድ ማለዳ መጥተው፣ ለጥምቀት የታዘዘውን ጌሾ ማድረስ ካቃታት ቤቱን ዘግታ እሳቸው ግቢ እንድትገባ፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አበርገሌ ላለ አንድ ባለፍየል እንድዳር ቆርጠው ሄዱ። ሰውየውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከፍየሎቹ ትልቁ እሱ ነበር።

እናቴ ገጀራውን ይዛ ቀጥቃጭ ዘንድ ሮጠች። ሰው ሁሉ ጥፋቱ የእጀታው መድከም ነው ስላላት ቀጥቃጩ ወፍራም የወይራ እጀታ ገጠመላት፤ የባሰ ሆነ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ስትራገም ሰማኋት፤ አማርኛ የማይበቃት ሲሆን ነበር ወደ ኽምጥኛ የምትዞረው። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀምጣ እጀታውን ብዙ አገላብጣ አየችና "ጥንካሬው ነው እኮ የሚመታኝ" አለች።

የገና በዓል ደረሰ። የሰፈሩ ወንዶች የቅርጫ በሬ አርደው ሥጋውን ሲመድቡ ሴት አትጠጋም፤ ጅራቱም በልማድ የቄስ አድማሱ ነው፣ የዝንብ ጭራ ይሆናቸዋል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ መካከላቸው ገባች። እኔ አጥሩ ሥር ሆኜ አያቸው ነበር።

"ቄሴ፣ ጅራቱን ለእኔ ይስጡኝ" አለቻቸው።

"ምን ሊያደርግልሽ? ደግሞ ሴት ልጅ እዚህ ምን አላት?"

"እርስዎ ዝንብ ያባርሩበታል። እኔ ልጄን አሳድግበታለሁ።"

ቢላ የያዘው ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄስ አድማሱ "ስጧት" አሉ። ያንን ዓመት ሙሉ ዝንብ ያባረሩት በወይራ ቅጠል ነው።

ወይራውን ፋቀችና አቀጠነችው፣ ከአባቴ ጋቢ ቁራጭ ቀድዳ ጠመጠመችበት፣ በላዩ ላይ ፀጉሩ የተላጨውን የጅራት ቆዳ በእርጥቡ እንደ እጅጌ አለበሰችው። ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ፀሐይ ላይ ላወጣው ስል እጄን መታ አደረገችኝ፤ ፀሐይ ያሰነጥቀዋል፣ ጥላ ነው የሚያጠብቀው። መክተፊያውንም ግንድ ጭድ የሞላ ጆንያ ላይ አስቀመጠችው። ቆዳው ደርቆ እጀታው ላይ ጥብቅ ካለ በኋላ የመጀመሪያውን ስትሰነዝር እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ድምፁ ወፍሮ መጣ። ስገልጥ እናቴ ያልነዘራትን የቀኝ እጇን ዘርግታ እያየችው ትስቃለች።

ለጥምቀት ሁሉም ጠላ ቤት ጌሾው ደረሰው። አንጓዋ ለወራት እያመማት ነበር የከተፈችው፣ ግን ከተፈች። እኔም አልተዳርኩም፤ ተምሬ ራሴ አስተማሪ ሆንኩ፣ ባሌንም ራሴ መረጥኩ።

አሁን ጌሾ በወፍጮ ይፈጫል፣ ያ ግቢ ሱቅ ተሠርቶበታል፣ እነዚያ ወንዶችም እናቴም አፈር ውስጥ ናቸው። ትናፍቀኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬም ትናፍቀኛለች። ያ ቆዳ ደግሞ የሰው እጅ ካልነካው ይደርቅና ይላቀቃል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ጥቂት የጌሾ እንጨት ገዝቼ ደጄ ላይ እከትፋለሁ። ጎረቤቶቼ ማን አዞሽ ነው ይሉኛል። ማንም አላዘዘኝም። አውራ ጣቴን የእናቴ ጣት እጀታው ላይ ባጎደጎደው ቦታ አስገብቼ፣ ክንዴ እስኪዝል እከትፋለሁ።