የልክነሽ ብቅል

ልክነሽ ሰው አታምንም። ሲቀላ ገበያ ጀርባ ቦርዴ፣ ያንን የሚያጠግበውን ወፍራም የእህል መጠጥ፣ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ብቅሏን ያስነካችው ሰው የለም። የቦርዴዋ ጣዕም ያለው እዚያ ብቅል ላይ ነው። አበቃቀሉን ከጨንቻ ደጋ፣ ከእናቷ ተምራ ነው የወረደችው፤ ገብሱ ስንት ቀን እንደሚነከር፣ በምን ቅጠል እንደሚሸፈን ለጎረቤት ተናግራ አታውቅም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያስተማረችው በዚሁ ብቅል ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ትደግመዋለች።

ታዲያ የጓሮውን ክፍል የተከራየው ዘርአብሩክ አንድ ጠዋት ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ ልክነሽ፣ ከብቅልዎ ትንሽ ይሰጡኛል?» ሲላት ፊቷ ጠቆረ። ልጁ ከደብረ ታቦር መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ነው።

«ለምንህ ነው? ቦርዴ ልትጠምቅ?»

«የለም፣ ኤሌክትሪክ ላወጣበት ነው።»

«ከብቅል ኤሌክትሪክ! በእኔ በልክነሽ ነው የምትቀልደው?»

ልጁ ግን የምሩን ነበር። «እርስዎ ብቅል ሲጨምሩበት የቦርዴው ገንፎ ይጣፍጥ የለ? ብቅሉ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚቀይረው እሱ ነው። እኔም ቡላን በእርስዎ ብቅል ስኳር አደርገዋለሁ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ሌላ ኢንዛይም ከስኳሩ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ትንሽ ነው፤ የጠረጴዛ ሰዓት ቢያበራ ነው።»

ገንፎው እንደሚጣፍጥ እሷም ታውቃለች፤ ሌላውን አላመነችም። ያም ሆኖ አንድ ጣሳ ሰጠችው። ብከለክለው ይሰርቀኛል ብላ ነው።

በሳምንቱ ዘርአብሩክ ያንኑ ጣሳ እንደያዘ መንገድ ተሻግሮ በለጥሽ ቤት ሲገባ አየችው። በለጥሽ ማዶ ሆና ቦርዴ የምትሸጥ ባላንጣዋ ናት፤ «የልክነሽን ብቅል ያገኘሁ ዕለት!» እያለች ስትዝት ያልሰማ የለም። ልጁ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ወጣ። እየሳቀ ነው። ጣሳው በእጁ አለ፤ የተቋጠረ ፌስታልም ተጨምሮበታል። ዋጋው መሆን አለበት አለች ልክነሽ።

ንዴትም ፍርሃትም አንድ ላይ ያዛት። ብቅሉ ማዶ ከተሻገረ ደንበኛውም ይሻገራል፤ ደንበኛው ከሄደ ምኗ ቀረ?

ጭቅጭቅ አላነሳችም። ልጁ ዳግመኛ ብቅል ሲጠይቃት አንድ ጣሳ ሰፍራ በብረት ምጣድ ላይ አሞቀችው፤ በቀስታ፣ መልኩ ሳይለወጥ፣ እጅ እስኪያቃጥል ድረስ። እንዲህ የተደረገ ብቅል ሲያዩት ብቅል ነው፤ ሲጨምሩት ግን አያጣፍጥም። «በይ እንግዲህ በለጥሽ፣ ጥመቂ!» አለች ለብቻዋ።

ዘርአብሩክ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ሐሙስ መምህራኑ ፊት ሥራዬን አቀርባለሁ። የብቅሉ ባለቤት እርስዎ ነዎት፤ ይምጡልኝ» አላት።

ሄደች። አምናው ሳይሆን ጉዱን ለማየት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ በሽቦ የተያያዙ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ሰዓት። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ስሟን አነበበች፦ «ብቅል፦ ከወይዘሮ ልክነሽ ቤት»። ከሥሩ ደግሞ፣ «ቡላ፦ ከወይዘሮ በለጥሽ ቤት»።

ቡላ! ፌስታሉ ውስጥ የነበረው ቡላ ኖሯል። የብቅሏ ዋጋ አልነበረም።

ዘርአብሩክ ሽቦውን አገናኘ። ሰዓቱ አልበራም። ነካካው፤ አልበራም። «ባለፈው ሳምንት ሠርቶ ነበር» አለ። አንዱ መምህር እስክሪብቶውን ከደነ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ምክንያቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ግን ልጁ ላቡን በእጅጌው ሲጠርግ አየችና አንጀቷ አልቻለም፤ ተነሳች።

«ብቅሉን እሳት ላይ ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አለች። «በልጁ ተጠራጥሬ ነው። የሞተ ብቅል ነው የሰጠሁት። ጥፋቱ የሱ አይደለም።» እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም።

መምህራኑ ተያዩ፤ ተንሾካሾኩ። በመጨረሻ ለዘርአብሩክ ሌላ ቀን ተሰጠው። እሱ ወደ እሷ አልዞረም።

በማግስቱ ጣሳውን ይዞ መጣ። ልክነሽ ሰው ፊት ከፍታው የማታውቀውን የብቅል እንስራ ከፈተችለት።

«ራስህ ዝገን» አለችው።

ዘገነ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት፣ በትሕትና። ጣሳውን ሞልቶ ሊወጣ ሲል ግን ቆም አለና አንዲት ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ሰበራት። ቀስ ብሎ አኘካት፤ መጣፈጧን እየጠበቀ። ልክነሽ ከሰው የገዛችውን እህል ሁሉ እንዲሁ ነው የምትቀምሰው።

አኝኮ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።