የእስረኛ ፍየሎች ግራር

ለሰፊው የናዝሬት ሕዝብ፣ ለወንጂ ሸንኮራ ቆራጮች፣ እንዲሁም አራት እግር እያላቸው የመደራጀት መብት ላልተሰጣቸው ሁሉ፦ ቁመቷ ከአካፋ እጀታ እምብዛም የማይበልጠው ወይዘሮ ዘርፉ ባጫ፣ የችግኝ ጣቢያ ካቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ በደን ጉዳይ የመጨረሻዋ ባለሥልጣን መሆኗ በዚህ ታውጇል። አዋጁ ማኅተም የለውም። ማኅተም ያለው ወረቀት ስንት ዛፍ እንዳበቀለ ስላየን አልፈለግነውም።

ዘርፉ የቡልቡላ ልጅ ናት። ከሰል በማዳበሪያ ታጭቆ መንገድ ዳር ለመኪና ሲደረደር እያየች አደገች፤ ያ ከሰል ሁሉ ትናንት ግራር እንደነበረም ታውቃለች። ባሏን ተከትላ ወንጂ መጣች፣ ጥቂት ዓመት ሸንኮራ ኮተኮተች፣ ናዝሬት ዳር የችግኝ ጣቢያ ሲከፈት ደግሞ ባልዲ ተሸካሚ ሆና ገባች። አብዮቱ ሁለተኛ ልደቱን ሲያከብር ባልዲ ትሸከም ነበር፤ አሥረኛውን ሲያከብር የአሥራ ስምንት ሴቶች ካቦ ሆና ነበር። በሁለቱ በዓላት መካከል ስለ ዛፍ ከተደረጉት ንግግሮች አንዱንም አታስታውስም። የትኛው መደብ መቼ ውሃ እንደሚጠማው ግን ቀኑን ትነግርሃለች።

በሰባ ሰባት ዓ.ም.፣ ድርቁ አገሩን ካደረቀ በኋላ፣ ከከተማው በላይ ላለው ራቁት ኮረብታ እቅድ ወጣለት። ያዘጋጀው የደን ጽሕፈት ቤቱ የእቅድ ኃላፊ ጓድ ራህመቶ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ዛፍን በስምና በቁጥር ጠንቅቆ ያውቃል፤ በአካል ግን አልተዋወቁም። የእቅዱ ገጽ አንድ «ፍየል የደን ቀንደኛ ጠላት ናት» ይላል። ገጽ ሁለት ስልሳ ሺህ ባሕር ዛፍ ያዛል። ሕዝቡ በእሑድ ዘመቻ፣ በማርሽ ባንድ ታጅቦ፣ ስልሳውንም ሺህ ኮረብታው ላይ ተከለ። ጥር ሲገባ ሙቀቱ ግማሹን አደረቀ፣ የተረፈውን ምስጥ ከሥር በላው። ሪፖርቱ ግን አልዋሸም፤ ስልሳ ሺህ ተተክሏል አለ እንጂ በቅሏል አላለም።

ፍየል ጠላት ከተባለች ዘንድ መታሰር ነበረባትና ኮረብታው ላይ የተገኘች ፍየል ሁሉ ተይዛ መጣች። የቀበሌው እስር ቤት በሰው ስለሞላ ፍየሎቹ ችግኝ ጣቢያው ጥግ ላይ ታጠረላቸው። ባለቤቱ ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ እስኪፈርም ድረስ እስረኛዋን የምትቀልበው ዘርፉ ሆነች። የቀለብ መመሪያ ስላልነበረ የረገፈ የግራር ፍሬ በማዳበሪያ እያስለቀመች ታቀርብላቸው ጀመር።

ይህን ያደረገችው ስላሳዘኗት ብቻ አይደለም። ቡልቡላ ሳለች ያየችው ነገር አለ። ከዛፍ የተለቀመ የግራር ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ብትዘራው ዓመት ሙሉ ተኝቶ ይስቅብሃል። ፍየል በልታ፣ አመስኳ፣ በበጠጧ የጣለችው ግን ዝናብ ሲነካው ብድግ ይላል። ዘርፉ በየጠዋቱ ጉረኖውን ትጠርጋለች፣ በጠጡን ፈርክሳ ዘሩን ትለያለች፣ ባዶ መደብ ላይ ትዘራለች። በአሥረኛው ቀን መሬቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣለ። እነዚያ ፀረ-ደን እስረኞች፣ ምንም የፖለቲካ ትምህርት ሳይሰጣቸው፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ችግኝ አወጡ።

ኦቦ ጂብሪል የሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ፍየላቸውን ሊያስፈቱ መጥተው ነበር። ፍየሊቱን ዞረው አዩ፣ ጎኗን ዳበሱ፣ ወፍራለች። እስክሪብቶውን ለዘርፉ መልሰው ሰጧት።

«አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ጥፋቴን ገና አላመንኩም። አንድ ሳምንት ይጨመርባት።»

«ኦቦ፣ እርስዎ ካላመኑ ሁለት ሳምንትም ይጨመርባታል» አለቻቸው፤ እሳቸውም ረክተው ሄዱ።

በሰባ ስምንት ግንቦት ጓድ ራህመቶ ላቡን እየጠረገ መጣ። ከበላይ ደብዳቤ ደርሶታል፤ ለዘንድሮው ተከላ ቆጣሪዎች የሚመጡት በመጪው ጥቅምት ነው፣ የሚቆጥሩትም የተተከለውን ሳይሆን የቆመውን ነው። እንዲህ ያለ ጭካኔ ታይቶ አይታወቅም። ሰውየው የግራሩን መደቦች ሲያይ በእቅድ ያልተያዘ ችግኝ ነው፣ ይነቀልና ለባሕር ዛፉ ቦታ ይለቀቅ አለ። ዘርፉ አልተከራከረችም። ኮረብታው ላይ ይዛው ወጣች፣ ካምናው ባሕር ዛፍ አንዱን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ አደረገችው። ሥር አልነበረውም። ከጎኑ፣ በድሮው የፍየል መንገድ ላይ፣ ማንም ያልተከለው የግራር ቡቃያ እሾሁን አሹሎ ቆሟል። ጓድ ራህመቶ ጎንበስ ብሎ ነካው፣ ወጋው። ትውውቃቸው በዚህ ተጀመረ።

ሲወርዱ ልቡ ተመልሶ ነበር። ግራርን እየታደሰ ባለው እቅድ ገጽ ዘጠኝ ላይ አስገባለሁ አለ። ቅጹ ግን «የዘር ምንጭ» የሚል ረድፍ አለው፤ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«‹ከአካባቢው› ብለን እንለፈው» አለ።

«ፍየል ብለው ይጻፉ።»

«ጓዲት ዘርፉ፣ ገጽ አንድ ላይ ጠላት ያልኳትን ገጽ ዘጠኝ ላይ ምን ልበላት?»

«ገጽ አንድ ላይ ይሰርዟታ።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ነገ እኔ ብዛወር» አለችው፣ «ተተኪዬ ወረቀቱን አይቶ ፍሬውን ከዛፍ ለቅሞ ይዘራል። አይበቅልለትም። ከዚያ ‹ግራር አይሆንም› ተብሎ ይጻፋል። ችግኝ በእጅ ይነቀላል፤ የተጻፈን ግን ማን ይነቅለዋል?»

የርክክብ ቅጹ ላይ ካቦዋ ካልፈረመች ማንም ችግኙን ከጣቢያው አያወጣውም፤ እሷም አልፈረመችም። ጓድ ራህመቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ጠዋት ከራሱ ጋር ግለ ሂስ አካሄደ። በመጨረሻ ጻፈ፦ «ፍየል (በተገቢው ጥበቃ ሥር)»። ገጽ አንድንም ሰረዘ። ጠላትነቷ ተነሣላት፣ እስሩ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ባለፍየሎቹ ራሳቸው እያመጡ ያሳድሯቸው ጀመር። ዘርፉ ፈረመች።

ሐምሌ ላይ ያለ ማርሽ ባንድ ተተከለ። አሥራ ስምንቱ ሴቶችና የቀድሞ እስረኞች ባለቤቶች ናቸው የተከሉት፤ ኦቦ ጂብሪልም ጉድጓድ ቆፍረዋል። ዘርፉ ከኋላቸው እየዞረች የችግኙ ፕላስቲክ ከረጢት ሳይቀደድ የተተከለውን ሁሉ አስነቅላ እንደገና አስተከለች። ቆጣሪዎቹ በጥቅምት መጥተው፣ ሱሪያቸው በእሾህ ተቀዶ፣ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ አርባ የቆመ ግራር መዝግበው ወረዱ።

እቅዱ ለመጽደቅ ወደ በላይ አካል ሄዷል። ገና አልተመለሰም። እዚያ ካሉት አንዱ «ፍየል» የምትለዋ ቃል የታይፕ ስህተት ሳትሆን አትቀርም ብሎ እንደጠየቀ ተሰምቷል። ዘርፉ ለዚህ እንቅልፍ አላጣችም፤ ለመጪው ዓመት የሚሆነውን ፍሬ እያስለቀመች ነው።

እንግዲህ አንባቢ፣ ያ ወረቀት ጠረጴዛህ ላይ ያረፈብህ አንተ እንደሆንክ፣ ያቺን ቃል ከመሰረዝህ በፊት አንድ የግራር ዘር ከዛፉ ልቀምና ከቢሮህ መስኮት ሥር፣ ያለ ፍየል፣ በራስህ እጅ ቅበረው። ውሃ አጠጣው። መመሪያም አንብብለት። ከበቀለ ሰርዛት፤ እስከ መስከረም ካልበቀለ ግን እባክህ…